ጀልባ ላይ ኖር አይባልም

ለብርቄ፣ ለቤቴ እመቤት፤

ባልሽ ደምሴ የባሕር ኃይል አዛዥ ሆኗል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ካራቆሬ ድረስ ውሃ ላይ የሚያዝ ሰው ቢፈለግ ከኔ ሌላ አይገኝም። እሺ፣ እሺ፣ ዓይንሽን አታጉረጥርጪብኝ። ባሕሩ የመስኖ ግድብ ነው። ኃይሉም አንዲት ሞተር ያላት ሰማያዊ ጀልባ ናት። አዛዡም ታዛዡም እኔው ነኝ። ቢሆንም ማኅተም ያረፈበት ምስክር ወረቀት አለኝ፤ እሱን ማንም አይወስድብኝም።

ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው። ነገ ሙት ዓመትሽ ነው። ይህን የምጽፍልሽ እዚሁ ማርያም ግቢ፣ መቃብርሽ ራስጌ፣ ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው።

ጽሕፈቱ የራሴ ነው፤ ማንንም አላስጻፍኩም። አንቺ ስድስተኛ ክፍል የደረስሽ፣ እኔ በአውራ ጣቴ የምፈርም። ተማር ስትይኝ «ጭንቅላቴ ሙሉ ነው፣ ብትጨምሪበት ይፈሳል» እልሽ ነበር። አሁን የማታ ትምህርት ጨርሻለሁ። የገባሁት ግን ዕውቀት ፈልጌ አይደለም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሲመሽ ቤቱ ዝም አለኝ። ራዲዮኑን ብከፍተው ዝም፣ ብዘጋው ዝም። ትምህርት ቤቱ መብራት ነበረው፣ ሰው ነበረው። ገባሁ።

ማንበብ ስጀምር መጀመሪያ ያነበብኩትን ብነግርሽ ትስቂያለሽ። መናኸሪያው ጀርባ ያለውን ግንብ ታውቂዋለሽ። ስንት ዘመን ገበያ ውዬ ስመለስ እዚያ ቆም ብዬ ቀለል እላለሁ። ግንቡ ላይ በትልቁ በቀይ ቀለም የተጻፈው የመጽሐፍ ቃል ይመስለኝ ስለነበር ባርኔጣዬን ሁሉ አወልቅለት ነበር። ለካ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ነው የሚለው።

ቤቱ እንዳለ ነው። ማሾው ደህና ያዘ። የጓሮዋ ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ አፈራች፤ ለጎረቤት አደልኩት። ሙቀቱም ያው ያንቺው ሙቀት ነው፤ ቆርቆሮው ቀን ያንጣጣል። ሽንኩርቱን ስንነቅል ሴቶቹ እየከተፉ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እኔም አብሬ ልክተፍ አልኳቸው፤ ከተፍኩ፣ ከተፍኩ፣ ጠብ የሚል የለም። ቀብርሽ ላይም እንዲሁ ነበርኩ። ሰው ስቀልድ እያየ ደምሴ ተጽናና ይላል። አልተጽናናሁም። ከፋኝ ልልሽም አልችልም። እንደ ደነዘዘ እግር ነው፤ ትረግጪበታለሽ፣ መሬቱ ግን አይሰማሽም።

ትልቁን ለውጥ ልንገርሽ። አንቺን የተሸከምንበት መንገድ የለም። ያን ጊዜ ግድቡ ገና ባዶ ነበር፤ ቃሬዛሽን ይዘን ቁልቁል ወረድን፣ ደረቁን አሸዋ አቋረጥን፣ ሽቅብ ወደ ማርያም ወጣን። ከዚያ ክረምቱ ገባና ውሃው ተኛበት። እየተቀባበልን ባለፍንበት ዛሬ ዓሣ ያልፍበታል። ከመንደራችን የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ፊት ለፊት ይታያል፤ ልድረስ ካልሽ ግን በአስፋልቱ ዞረሽ፣ ድልድዩን ተሻግረሽ፣ ዳገቱን መውጣት ነው። ለባለ ጉልበት የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ለእናትሽ ለእማማ አየለች የማይሞከር ነው።

እማማ ካንቺ ወዲያ ጉልበታቸው ከዳቸው። በቅሎ ላይ መቀመጥ አይችሉም፤ ባጃጅም ያን ዳገት አይወጣም። ደጃፍ ተቀምጠው ጉልላቱን ሲያዩ ይውላሉ። አንድ ቀን፣ የሌላ ሰው ወሬ የሚያወሩ ያህል ዝግ ብለው፣ «ለሙት ዓመቷ መቃብሯን ሳልስም ልቀር ነው እንግዲህ» አሉኝ። እኔ ጉራ መቼ አንሶኝ፣ «እማማ፣ በጀርባዬ አዝዬ እየዋኘሁ አሻግርዎታለሁ» አልኳቸው። አልሳቁም። እኔም አልሳቅሁም።

ጀልባዋ የመጣችው በጥር ነው። ለገበሬዎቹ ማኅበር ዓሣ እንድታሰግርና ሰው እንድታሻግር ተብላ። እልል ተባለላት። ወዲያው ግን ከዳር ካለ ግንድ ጋር በሰንሰለት ታሰረችና ማስታወቂያ ተለጠፈባት። ሰዉ ከብቦ ያያል። እኔ ገፋ ገፋ አድርጌ ቀረብኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ያለ ጀልባ ደኅንነት ምስክር ወረቀት ሞተር ማስነሣት ፍጹም ክልክል ነው ይላል። ሳልደናቀፍ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ይኸው ነው። ዘንድሮ ያነበብኩት ሁሉ ክልክል ነው መሰለኝ። ሰዉ ተበተነ። እኔ ማስታወቂያው ሥር ቆሜ ጉልላቱን አየሁ፤ ከዚያ የእማማ ወሬ ትዝ አለኝና ለነጂነት ሥልጠናው ተመዘገብኩ።

ሥልጠናውን የምትሰጠው ሰናይት የምትባል፣ ከሐይቅ ዳር አገር የመጣች ልጅ ናት። ልጅ ቢኖረን እሷን ያህል ይሆን ነበር። ድምፅዋ ቀጭን፣ ሕጓ ወፍራም ነው። ያን ብርቱካናማ ሰደርያ ሳያስሩ ውሃ ላይ መውጣት የለም፤ ሰው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። ከተፈቀደው ሰው በላይ ዘመድም ቢሆን አይጫንም። ሰው ሁሉ ሳይቀመጥ ሞተር አይነሣም። ነፋስ ከበረታ መንገዱ ይቀራል። መዋኘቱን እኔ ከልጅነቴ ሮቢ ወንዝ ያስተማረኝ ስለሆነ ሕጉ ለፈሪ የተጻፈ መስሎኝ ነበር። ሰናይት ግን የሚዋኝ ሰው የማይዋኘውን ይዞ ሲሰምጥ አይታለች መሰለኝ፤ ስትናገር ፊትዋ አይስቅም።

ከሁሉ ልቤ የገባው ቀዩ ገመድ ነው። አንዱ ጫፍ ሞተሩ ላይ ይሰካል፤ ሌላው ጫፍ ነጂው እጅ ላይ ይታሰራል። ነጂው ከወደቀ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩ ወዲያው ዝም ይላል፤ ጀልባዋ ያለ ሰው እንዳትበር። እሷ ይህን ስታስረዳ ከሌላ ቀበሌ የመጡት ሠልጣኞች ይጽፋሉ። እኔ እርሳሴን ይዤ ቀረሁ። ለካ እንዲህ ነው፣ አልኩ በልቤ። የኔ ገመድ ያንቺ እጅ ላይ ነበር የታሰረው።

የጽሑፉን ፈተና አለፍኩ። አንደኛ ወጣሁ ልልሽ ነበር፤ ማለፉ ይበቃል።

የተዋረድኩት በተግባሩ ፈተና ነው። የመንደሩ ሰው ለፈተናው ተሳፋሪ ሆኖልን፣ ብርቱካናማውን ሰደርያ ለብሶ እንደ ሚዜ ተደርድሮ ተቀምጧል። ዳር ላይ ደግሞ ተመልካች ሞልቷል፤ እኔ ሰው ሲያየኝ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ። ንስሐ አባታችን መምሬ ጌታነህ ዘግይተው ጥላቸውን ይዘው ገና ብቅ ሲሉ ሞተሩን አስነሣሁት፤ ድምፁን ይስሙልኝ ብዬ። መምሬ ደረሱ። አንድ እግራቸውን አንሥተው የጀልባዋ ጠርዝ ላይ አኖሩ። ከዚያ የሆነውን ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ። «ኖር!» ብለን ሁላችንም ብድግ አልን።

ጀልባ ደግሞ ኖር አታውቅም። ወደ አንድ ወገን ዘመመች፤ መምሬ «በእግዜር» ሳይሉ ውሃ ገቡ። ስንንገዳገድ ቀዩ ገመድ ከእጄ ጋር ተጎትቶ ተነቀለና ሞተሩ ዝም አለ። ዳሩ ላይ ውሃው ከወገብ አያልፍም፤ መምሬን ጎትተን አወጣናቸው፤ ሌላ ሰውም አልተጎዳ። ጥላቸው ብቻ ተገልብጦ እንደ ትንሽ ጀልባ ወደ መሐል ሄደ። እሱም ያለ ምስክር ወረቀት።

ሰናይት አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጋሽ ደምሴ፣ መጀመሪያ የተነሣው ማነው አለች። ግራ ቀኙን አየሁ፤ ሰዉ ሁሉ እኔን ያየኛል። እኔ ነኝ ለካ። መሪ በእጄ፣ ሞተር አስነሥቼ፣ ከሁሉ ቀድሜ ብድግ ያልኩት እኔ ነኝ። ወድቀዋል አለችኝ። በሳምንቱ ተመልሳ አንድ ጊዜ ብቻ ልትፈትነኝ ቀጠረችኝ፤ ያኔም ከወደቅሁ ጀልባዋ እንደታሰረች ሙት ዓመትሽ ሊያልፍ ነው። እማማ ያን ቀን ጉልላቱን ማየት ትተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

መንደሩ ሳምንቱን በዚህ ነገር ተከራከረ። መምሬ ቆመው እኛ ልንቀመጥ ነው ወይ ያለ አለ። አንዱ ሽማግሌ እግሬ እኔን ሳያማክር ነው የሚነሣው አሉ፤ እውነታቸውን ነው። መምሬም ራሳቸው ከቅዳሴ መልስ መንደራችን መጥተው፣ ጀልባ ላይ እንዳትነሡልኝ፣ ፈትቻችኋለሁ ብለው አወጁ። ሕዝቡ ቃላቸውን በአክብሮት ለመስማት ብድግ አለ።

እኔ ግን አንቺን ነበር የማስበው። ታመሽ ተኝተሽ እንኳ ጠያቂ በገባ ቁጥር በክንድሽ ተደግፈሽ ቀና ትያለሽ፤ ለሕፃን ሳይቀር። ወባው የጠናብሽ ጊዜ፣ በመጨረሻው ቀን፣ መድኃኒት ይዤ ስገባ ለኔ ልትነሺ ሞከርሽ። ባልሽ ነኝ እኮ፣ እንግዳ አይደለሁም አልኩሽ። ጉልበቱን አጣሽና ዓይንሽን ብቻ ወደ ላይ አነሣሽ። ይህንንም የማሾ ዋጋ እንደምጽፍ ነው የምጽፈው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እዚህ ግራሩ ሥር ጥሩ ነፋስ አለ፤ ወረቀቱን እያነሣብኝ ነው።

ከዚያ ትዝ አለኝ። ቤታችን ሰው ሞልቶ ሳለ ትልቅ ሰው ሲመጣ ካየሽ፣ አንቺ እንግዳውን ሁሉ እየጎተትሽ ወደ ደጅ ታስወጪ ነበር። ሰዉ ደጅ ላይ ቆሞ ይቀበላል፤ ኖሩም፣ በእግዜሩም፣ ምርቃቱም እዚያው ያልቃል። ትልቁ ሰው ቀድሞ ይገባል፣ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሌላው ተከትሎ ይገባል። በዚህች ጠባብ ቤት ብድግ ብድግ እያላችሁ ዕቃዬን አትረጋግጡብኝ ነበር የምትይው። እኔ ያኔ ስለ ስኒሽ የምትሳሺ መስሎኝ እቀልድብሽ ነበር።

በሁለተኛው ፈተና አንድም ሰው ጀልባ ላይ አላስቀመጥኩም። ሰደርያውን አልብሼ ሁሉንም ዳር ላይ አቆምኳቸው። ሞተሩን አልነካሁም፤ እጄ በላኝ፣ ግን አልነካሁም። መምሬ መጡ። ሰዉ ኖር አለ፤ መምሬ በእግዜር አሉ። ምርቃቱን ደግሞ አስረዘሙት፤ ውሃውን ፈርተው ይመስለኛል። ሲያበቃ ክንዳቸውን ይዤ መጀመሪያ እሳቸውን አስገባሁና መሐል ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ሌላው፣ አንድ አንድ እያለ፣ ግራና ቀኝ ተመጣጥኖ። ሁሉም ሲቀመጥ ዞር ብዬ አየሁ። የሚነሣ የለም፤ ለማን ይነሣል፣ አክብሮቱ መሬት ላይ አልቋል። ገመዱን እጄ ላይ አሰርኩና ሞተሩን አስነሣሁ። መሐል ደርሰን፣ ዞረን፣ ተመለስን። አዲሱ ጥላቸው እንኳ አልረጠበም።

ሰናይት አልፈዋል አለችኝ። ወረቀቱ ላይ ስሜን ራሴ አነበብኩት። ደምሴ ይላል፤ እውነትም ደምሴ። በአውራ ጣት ሳይሆን በእስክሪብቶ ፈረምኩ። ከዚያ ለማሳየት ዞር አልኩ። ለማን እንደዞርኩ አንቺ ታውቂያለሽ። ቤት ወስጄ ከፎቶሽ ሥር ሰቀልኩት። እማማ በጣታቸው ማኅተሙን ዳሰሱና ነጠላቸውን እንዲያጥቡላቸው ለጎረቤት ሰጡ።

ብርቄ፣ እዚህ ላይ ላበቃ ነበር። ግን አንዲት ነገር ዋሽቼሻለሁ። የባሕር ኃይሉን አይደለም፤ እሱን ገና ስጀምር ነቅተሽበታል። የመምሬ ጥላም እውነት ነው፤ ጠይቂያቸው። ውሸቱ ግራሩ ነው። መቃብርሽ ራስጌ አልተቀመጥኩም። እዚያ ግራር ይኑር አይኑር አላውቅም። ከቀብርሽ ቀን ወዲያ እግሬ እዚያ አልረገጠም። የምጽፍልሽ ከዚህ ማዶ፣ ዳር ከታሰረችው ጀልባ ውስጥ ሆኜ ነው። ጉልላቱ ከዚህ ይታየኛል። ዓመት ሙሉ መንገድ የለም ስል ኖርኩ፤ አሁን መንገዱ ራሴ ሆንኩና ምክንያት አጣሁ።

ነገ ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ እናትሽን መሐል ላይ አስቀምጣለሁ። ሰደርያቸውን ራሴ አስርላቸዋለሁ። ሰዉን አሻግሬ ስጨርስ ጀልባዋ ውስጥ ልጠብቃችሁ አልልም፤ እናትሽን ደግፌ፣ ከዳሩ እስከ ማርያም ያለችውን አጭር አቀበት አብሬ እወጣለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ራሴ አነብልሻለሁ። በየዓመቱ በዚህ ቀን፣ ውሃው ሞልቶም ጎድሎም፣ እመጣለሁ፤ እንዳልረሳሁሽ በሞተሩ ድምፅ ታውቂዋለሽ።

ድምፁን ስትሰሚ ግን እንደ ልማድሽ ቀና ልበል እንዳትይ። እንደተኛሽ ቆዪኝ። ኖሩን እዚሁ ዳር ላይ ጨርሼ ነው የምመጣው።

ባልሽ ደምሴ