የከተማና የገጠር ቃላት

ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ ክረምት ሲገባ የሚጀምርሽ ሳል እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። አባባም ከጉልበቱ በቀር ደህና ነው፤ ጉልበቱንማ እሱ ራሱ «ቀድሞኝ ያረጀ ባልንጀራዬ» ይለዋል። ላሟ ወልዳለች። ጥጃዋ በመልኳ እናቷን ብትመስልም በጠባይዋ ቁርጥ ባለወፍጮው ጎረቤታችንን ናት፤ ጠገበችም ራባትም ትጮኻለች። ሁሉም ሰላም ይሉሻል። ሰላምታው በዚህ ይብቃኝ፤ ካስረዘምኩት ዋናውን ነገር ሳልነግርሽ እጄ ይዝላል።

እናታችን ባረፈች በዓመቱ የደወልሽልኝን አልረሳሁትም። የምትሠሪበት ሆቴል አንዲት ልጅ ይፈልጋል፣ ጠዋት ለእንግዶች ከተማውን የምታሳይ፣ ከሰዓት ደግሞ ገጠሩን ይዛቸው የምትዞር አልሽኝ። «እንግሊዝኛው አያስፈራሽ፤ የከተማውንና የገጠሩን ነገር በስሙ መጥራት ከቻልሽ ይበቃል» አልሽ። ቃላቱን በስልክ ያስጀመርሽኝም አንቺ ነሽ። ሪቨር ወንዝ፣ ፊልድ ማሳ፣ ብሪጅ ድልድይ። ያን ጊዜ ከልብሽ እንደነበር አልጠራጠርም።

ፈተናው ሲቃረብ ግን አባባ ጣራ ሊጠግን ወጥቶ ከመሰላል ወድቆ ጉልበቱን ተጎዳ። እንደዚያም ሆኖ «ሂጂ፣ ጎረቤት አለኝ» ብሎ ገፍቶ ላከኝ። አውቶቡስ ተራ ስትቀበዪኝ፣ አቅፈሽኝ ሳትጨርሺ «አባባን ለማን ትተሽው መጣሽ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያኔ ጥያቄ መስሎኝ ነበር።

ወይዘሮዋ፣ የሆቴሉ ባለቤት፣ ጠረጴዛ ላይ ሥዕል ዘረጉልኝ፤ በአንድ ወገን ከተማ፣ በሌላው ገጠር። መነጽራቸውን ከአንገታቸው ክር አንስተው በእስክሪብቶ እየነኩ ጠየቁኝ። በገጠሩ በኩል ማን ይችለኛል! ኮረብታውንም፣ ጎተራውንም፣ አጥሩንም በረርኩበት። ከተማው ላይ የትራፊክ መብራቱን አለፍኩና ፔቭመንቱ ላይ ቀረሁ። ለእግረኛ ተብሎ የተለየ መንገድ የት አውቄ? እኛ ጋ መንገዱ ሁሉ የእግረኛ ነው። ይህንኑ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ብነግራቸው ሳቁ። መጨረሻ ላይ ማድ ቤቱን ሲያሳዩኝ ኪችን ልበል ብዬ ቺክን አልኩ፤ ሰው ዶሮ ውስጥ ገብቶ ያበስላል እንደማለት ሆነ። ራሴም ስሰማው ስቄ አረምኩት። አንቺም ፎጣ ታቅፈሽ በር ላይ ቆመሽ ነበር፤ ስትስቂ አይቼሻለሁ።

ማታውኑ መልስ መጣ ብለሽ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ስታሳፍሪኝ እጄን ያዝሽ። «አልሆነም እህቴ። ምላሷ አልተፍታታም፣ ማድ ቤቱን ዶሮ የምታደርግ ልጅ እንግዳ ፊት አላቆምም አሉ» አልሽኝ። ሥዕል ያለበት የቃላት መጽሐፍ ገዝተሽ ጭኔ ላይ አኖርሽልኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እስከ ቤት አለቀስኩ። ላንቺ ነበር የተሳቀቅሁት፤ አሳፈርኳት ብዬ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን አንቺ አታውቂውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያን መጽሐፍ ይዤ ከላም ጋር እንግሊዝኛ አወራሁ። አባባ እግሩን መደቡ ላይ ዘርግቶ «ዛሬስ ምን ይዘሽልን መጣሽ?» ይለኛል። ያልኩትን እየደጋገመ እሱም ተማረ። ሺፕ የሚለው ላይ ብቻ ተጣላን፤ በግም መርከብም በኛ ጆሮ አንድ ሆነብን። «በግና መርከብ መለየት ያቃተው ሕዝብ እኔን ሊፈትን ነው?» ብሎ መጽሐፉን ከደነው። እኔ ግን ስቄ ስጨርስ ልቤ ውስጥ የሚቀረው «ምላሷ አልተፍታታም» የሚለው ነበር። የወተት ማኅበሩ ሰዎች ከውጭ የሚመጡ ጎብኚዎችን አስተናግጂልን ብለው ቤት ድረስ መጥተው ለመኑኝ። እኔ አልችልም፣ ተፈትኜ ወድቄያለሁ ብዬ መለስኳቸው። ላንቺ በደወልኩ ቁጥር ስለ ሆቴሉ ስጠይቅሽ፣ «ገና ነው፣ ቦታው ተይዟል፣ አንቺ ብቻ አጥኚ» ትዪኛለሽ። አጠናሁ።

ባለፈው ሰኞ ረፋዱ ላይ ወተት ተሸክሜ ስሄድ መኪና አጠገቤ ቆመ። አንድ የውጭ ሰው አንገቱን አውጥቶ ወደ ሐይቁ የሚወስደው የቱ ነው አለኝ። ድልድዩን ተሻገሩ፣ ማሳውን በግራ ትታችሁ እስከ መንታው መንገድ ንዱ አልኩት። እንግሊዝኛው ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ከኋላ ያ በክር የተንጠለጠለ መነጽር ብቅ አለ።

«ማድ ቤቱን ዶሮ ያደረግሽው ልጅ አይደለሽም?» አሉኝ ወይዘሮዋ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ወርደው ሳሙኝ። «ያን ዕለት እንዴት ወድጄሽ ነበር መሰለሽ! ስህተትማ ማን የማይሳሳት አለ፤ በራሷ ስቃ የምታርም ግን አጥቼ ነበር። ትጀምር ብዬ ለእህትሽ ከነገርኳት በኋላ እምቢ ስትዪ በጣም ነው የቆጨኝ» አሉ።

«ማን ነው እምቢ ያለው?» አልኳቸው።

«አንቺ ነሻ! አባቴን ጥዬ ንቅንቅ አልልም፣ ከተማችሁ ለእናንተው ይሁን ብላለች ብላ እህትሽ እያለቀሰች ነገረችኝ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።»

እታለም፣ የወተቱን ጀሪካን መሬት ማስቀመጤን እንኳ አላስታውስም። ያለቀስሽው ነገር ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። ውሸቱንስ ሰው ሲጨንቀው ይዋሻል፤ እንባው ከየት መጣ? ለማንስ ነበር?

አባባን አንቺ ያዢልኝ፣ እኔ ከሥራዬ መላቀቅ አልችልም ብትዪኝ እኮ እይዘው ነበር። እምቢ የምል ልጅ ነበርኩ? ለአባቴ ብዬ ብቀር ኖሮ ቀና ብዬ እኖር ነበር። አንቺ ግን ደደብ ነኝ ብዬ እንድቀር አደረግሽኝ። በየበዓሉ ስጦታ ይዘሽ ስትመጪ፣ «እስቲ አንድ ሁለት ቃል በይልኝ» ብለሽ አስቀምጠሽ ስትሰሚኝ፣ ራስሽን እየነቀነቅሽ «ይቀርሻል» ስትዪኝ፣ ዓይኔን ማየት እንዴት ቻልሽ? ባዳ ቢያደርገው ባዳ ነው ብዬ እተወው ነበር። የእናቴ ልጅ ስትሆኚ ለማን ነው የማወራው? እስካሁን ሲከፋኝ የማወራው ላንቺ ነበር።

ወይዘሮዋ ፊቴን አይተው ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም። ሐይቁ ዳር አዲስ ማረፊያ ከፍተዋል፤ ማደሪያም አለው፤ አሁንም ብትመጪ ቦታ አለሽ አሉኝ። ለእህትሽ ልንገራት ወይ ሲሉኝ፣ እኔው እነግራታለሁ አልኳቸው። ይኸው ነገርኩሽ። ይህን ስታነቢ እኔ ሐይቁ ዳር ነኝ። ላሟንና ጥጃዋን ባለወፍጮው ተረክቧቸዋል፤ እርስ በርስ ይጯጯሁ።

ለአባባ ያደረግሽውን አልነገርኩትም፤ አልነግረውምም። ያ ሰው የወለዳት ልጁ እሱን ሰበብ አድርጋ እህቷን እንደቀበረቻት ሰምቶ እንዲሞት አልፈልግም። ሌላ ነገር ነው የነገርኩት። አንቺ በእኔ አፍ ተናግረሽ ነበር፤ እኔም አንዴ በአንቺ አፍ ተናገርኩ።

ደስታውን ብታዪው! ጢሙን ተላጨ፣ ለሠርግሽ ያስቀመጠውን ኮት አወጣ፣ በየጎረቤቱ እያነከሰ ዞሮ ተሰናበተ። «ትልቋ ልጄ አብረን እንኑር ብላ ጠራችኝ» ሲል ድምፁ ይሰበራል። «እኔ እኮ የረሳችኝ መስሎኝ ነበር» አለኝ ለብቻችን ስንሆን።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ይዞ፣ በወተት መኪናው ሹፌር ተደግፎ በርሽ ላይ የደረሰው ሰው ፊት ቆመሽ አታንብቢው። መጀመሪያ አስቀምጪው። ዝቅ ካለ ወንበር መነሳት አይችልም፤ ደረጃም አይሆንለትም። የጉልበቱ ቅባት በኮቱ የግራ ኪስ ነው። ማታ ማታ ሰው እንዲያወራው ይፈልጋል። ለምን ጠራሽኝ ብሎ አይጠይቅሽም፤ ከጠየቀሽም ምን እንደምትዪው አንቺ ታውቂበታለሽ።

ፈጣሪ ቤትሽን ያስፋልሽ። ጉልበት ይስጥሽ፤ ትዕግሥትም ይጨምርልሽ። አባታችንን አደራ።

ታናሽ እህትሽ