በሩ ላይ የቀረው ስርጉድ

ይድረስ ለወንድሜ ለደምሰው፤

ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ጋር ሰላምታዬ ይድረስህ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ለፋሲካ የላክሁልህ ደብዳቤ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ደግሜ ጻፍኩ።

የአባታችን የግቢ በር ስለዛገ ወደ ጎረቤታችን ወደ ራቢዓ ልጅ ወደ ሒክማ ወሰድኩት። ሒክማ የብረት ቀለም ሙያ ተምራ ዛሬ ሌሎችን ታሠለጥናለች፤ ብታያት ትኮራባት ነበር። ቀለሙ ዱቄት ነው፤ ብረቱ ላይ ተረጭቶ በምድጃ ይጋገራል። ከዚያ በፊት ግን አሮጌው ቀለምና ዝገቱ ይፋቃል፣ ቅባቱ ይታጠባል፣ በነጭ ጨርቅም ይታበሳል። ጨርቁ ከቆሸሸ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። አንዱ ሠልጣኝ ጥግ ጥጉን ሲያልፈው፣ «ሙዐዊያ፣ ሙሽራ የምትኩል መሰለህ እንዴ? ከሥሩ አጽዳው!» አለችው። እኔም እጄን ስዘረጋ፣ «እትዬ፣ አይንኩት! የእጅ ወዝ ቀለሙን ያስለቅቀዋል» ብላ ተቆጣችኝ። ቁጣዋ እንኳ ደስ አለኝ።

ቀለሙ ሲፋቅ፣ ያን ቀን በሩ ተዘግቶብህ በድንጋይ ስታንኳኳ የሠራኸው ስርጉድ ወጣ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ እንዳልከፍትልህ ቢከለክለኝም ቁልፉ በእኔ እጅ ነበር፤ ያልከፈትኩልህ እኔ ነኝ። በሳምንቱ ስርጉዱን በስቱኮ ሞልቼ የቀባሁትም እኔ ነኝ።

ሒክማ፣ «ቀጥቅጠን እናቃናው?» አለችኝ።

«ተዪው፣ እንዳለ ይቀባ» አልኳት።

አሁን በሩ አረንጓዴ ሆኖ ተተክሏል። ከደብረ ሲና የሚወርደው አውቶቡስ ጡሩምባውን ሲያጮህ ብቅ ብዬ አየዋለሁ። ቀን ቀን አልቆልፈውም፤ ገፋ ብታደርገው ይከፈታል።

ቤተሰብህን በሙሉ ሳምልኝ። ደህና ያቆይህ።

እህትህ እቴነሽ