ስለ ድንቹ ሾርባ ያልነገርኸኝ

ይድረስ ለደምሴ፣ ለልጄ አባት፤

ከተለያየን ስድስት ወር አለፈ። መንፈቅህን ባለፈው እሑድ አወጣን፤ ካህናቱ ጸሎቱን አደረሱ፣ ጎረቤቱም ቀምሶ ነፍስ ይማር ብሎ ተበተነ። እንደምን አለህ ልበልህ? ያለህበትን አላውቀው። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ናፍቀኸኛል፤ ናፍቆቱን ሌላ ቀን ብጽፍልህ ይደርሳል። ዛሬ የምጽፍልህ ስለተቆጣሁህና ስለጨነቀኝ ነው። ካንተ በቀር ይህን ነገር የምነግረው ሰው የለኝም። ፊደል ያስቆጠርኸኝ ራስህ ነህና ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ቢመስል አትሳቅብኝ።

እናትህ እህል ትተዋል። አርባህ እስኪወጣ ድረስ ሐዘን ነው ብዬ ዝም አልሁ። ከዚያ እንጀራው ወደ ጉርሻ፣ ጉርሻውም ወደ ጠበል ወረደ። አጥሚት ሳቀርብ በኋላ ይላሉ። ዶሮ ሳሠራ ለውባለም ስጫት ይላሉ። አስገድጄ ላጎርሳቸው ስል ከንፈራቸውን ይገጥማሉ፤ ግትርነቱን ከማን እንደወረስኸው አሁን ነው የገባኝ። ትናንት ላጥባቸው ክንዳቸውን ብይዝ የስድስት ዓመቷን ልጃችንን ክንድ የያዝሁ መሰለኝ። ጾመ ነቢያት ሊገባ የቀረው አምስት ቀን ነው። ከገባ ደግሞ ሥጋም ወተትም በአፋቸው እንደማይዞር ታውቃለህ፤ የንስሐ አባታችን መምሬ ራሳቸው ቢፈቅዱላቸው አይሰሙም። በእነዚህ አምስት ቀናት አንድ ነገር ሆዳቸው ካልገባ ገናን አያዩትም። አንተን ቀብሬ ዓመት ሳይሞላኝ እናትህን ልቅበር?

ቤቱም እንደነበረ አይደለም። ድንች ልትገዛ አምባ ጊዮርጊስ ሄደህ ማኪናው የተገለበጠ ቀን፣ ሰዎቹ አንተን ካስገቡ በኋላ ጆንያህንም አምጥተው ከግድግዳው ሥር አስቀመጡልኝ። አንዲት ድንች አልጎደለችም። ሰው አልቆ ድንች ይተርፋል፤ እንዲህ ያለ ፍርድ አይቼ አላውቅም። ልበላው አልቻልሁ፣ ልጥለው አልቻልሁ። እዚያው አቆጠቆጠ። ሰኔ ላይ ከጓሮ ተከልሁት፤ አሁን ቆፈርሁት፣ ሸጋ ሸጋ ድንች ሆኗል። ውባለም ልጣጩን እንዳንተ ሳይቆረጥ አንድ ረጅም ክር አድርጌ እንድልጥላት ትለምነኛለች፤ እኔ ሁልጊዜ መሐል ላይ ይበጠስብኛል። የምትሠራበት ምግብ ቤት ሌላ ወጥ ቤት ቀጥሯል፤ ሽንኩርት ያሳርራል አሉ።

ድንቹን ስቆፍር ያ ሾርባ ትዝ አለኝ። ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት ውባለምን ወልጄ፣ ገና አራስ ሳለሁ ትኩሳት ጣለኝ። ወተቴ ደረቀ፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እህል ተወዷል። አንተ አዘዞ ለሰፈሩት የእንግሊዝ መኮንኖች ወጥ ቤት ነበርህ። አንድ ቀን የኮትህ ኪስ አብጦ መጣህ። ሴቶቹን ከቤት አስወጥተህ ድስቱን ራስህ ጣድህ። ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ምን ይሠራል እያሉ ከደጅ ሲያሙህ ይሰማኝ ነበር፤ አንተ ግን አልሰማህም፣ ወይም እንዳልሰማ ሆንህ። ከተኛሁበት ሆኜ አይሃለሁ። ስስ ስስ አድርገህ የከተፍኸው ሥጋ በራሱ ስብ እየተጠበሰ ይንጫጫል። ሽንኩርት ጨመርህበት፣ ድንቹን መትረህ ከተትህ፣ ውኃ አፈሰስህ። ሲበስል ግማሹን ድንች በማማሰያ ጨፈለቅኸውና ወተት ከቁንዶ በርበሬ ጋር ጨመርህ። ምንድን ነው ብልህ የፈረንጅ ቋንጣ ነው አልኸኝ። በሁለት ሳምንት ቁጭ አልሁ፤ ወተቴም ተመለሰ። ሰው ሁሉ እመቤቴ ማርያም አነሣችሽ ሲለኝ፣ እሷና የደምሴ ሾርባ እል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራልኝ እያልሁ ስንት ዓመት ነዘነዝሁህ። አንተ በበሬ ሥጋ ትሠራልኛለህ፣ እኔ እጅህ ከዳህ እልሃለሁ፣ አንተ ደግሞ እንግሊዞቹ ሲሄዱ ቋንጣውም አብሮ ሄደ ብለህ ወደ ድስቱ ትዞራለህ። ዐይኔን እንኳ አታየኝም ነበር። እናትህ ያን ሾርባ አንድ ቀን ቀምሰው አያውቁም፤ ደረቅ እንጀራ በጨው ይበሉ ነበር። ንቀውኝ ነው ብዬ ስንቴ ላንተ ከስሼአቸዋለሁ።

ሰኞ ዕለት ለእሳቸው ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። እኔን ከሞት የመለሰ እሳቸውንም ይመልሳል አልሁ። ጮማ ያለበት ቋንጣ ከጎረቤት ለምኜ፣ አንተ ስትሠራ እንዳየሁት አድርጌ ሠራሁ። ቀመስሁት፤ ያ አይደለም። እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ያን ጊዜ ከፈረንጁ ቋንጣ የተረፈ ቢኖር ብዬ፣ ከሞትህ ጀምሮ ያልነካሁትን ሣጥንህን ከፈትሁ። ከኮትህ ሥር በነጠላ ቅዳጅ የተጠቀለለ፣ ያልተከፈተ ቆርቆሮ አገኘሁ። አገኘሁት ብዬ ከደስታዬ የተነሣ አለቀስሁ። ቅዳጁን ስፈታው ቆርቆሮው ላይ ሥዕል አለበት። መጀመሪያ ከርከሮ መሰለኝ። ከርከሮ ግን ጥርሱ የታለ? ይኼ ወፍራም ነው፣ ቆዳው ቀይ፣ ጭራው የተጠቀለለ። በወንጌል ሲነበብ የምንሰማው እሪያ ነው።

ምነው ደምሴ? ምን በደልሁህ? ማተብ አንገቴ ላይ ታስሮ፣ ጨቅላ ልጅ ታቅፌ፣ እሪያ ታበላኛለህ? ወደ ጓሮ ሮጬ ጣቴን ጉሮሮዬ ውስጥ ከተትሁ፤ የስድስት ዓመት ሾርባ ተመልሶ የሚወጣ ይመስል። ልጄን ያሳደግሁት በዚያ ሾርባ በመጣ ወተት ነው። በዚህ አፌ ስንቴ ቆርቤያለሁ። ሰፈሩ ቢሰማ ከእኔ ጋር ማን ማዕድ ይቀርባል? አስከሬንህ ላይ ያፈሰስሁትን እንባ ልመልሰው ፈለግሁ። ይቅር በለኝ፤ እንደዚያ ነው የተሰማኝ።

ቆርቆሮውን ልጥለው ሁለት ጊዜ ይዤው ወጣሁ፣ ሁለቴም መለስሁት። ተነሥቻለሁ እኮ። ሞቼ ነበር፣ ያ ነገር አነሣኝ። እሳቸው ደግሞ ዐይኔ እያየ እየሄዱ ነው። መምሬን ልጠይቅ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄጄ ተመለስሁ፤ ምን ብዬ አፌን ልክፈት? እኔ የበላሁት ሳላውቅ ነው፤ እሳቸውን የማበላው ግን አውቄ ነው። አንዴ ይሙቱ እንጂ አይርከሱ እላለሁ፣ አንዴ ደግሞ ይርከሱ እንጂ አይሙቱ እላለሁ። ዛሬ ጠዋት ሊነሡ ሞክረው ከአልጋው ሥር ወደቁ። ሳነሣቸው ክብደት የላቸውም። ያን ጊዜ የሲኦሉን ነገር ተውሁት።

ውባለምን ጎረቤት አስቀምጬ፣ የቤቱን ድስት እንዳላረክስ ወለቃ ድረስ ሄጄ ትንሽ አዲስ ሸክላ ድስት ገዛሁ። ቆርቆሮውን በቢላ ፈለቀቅሁት። ስቡ ሲቀልጥ ሽታው መጣ፤ ለስድስት ዓመት የፈለግሁት ያ ሽታ። አፌ ምራቅ ሞላ። በራሴ አፈርሁ፤ እያለቀስሁ አማሰልሁ።

ገና ከመጋረጃው ሳላልፍ እናትህ ዐይናቸውን ገለጡ። ሽታውን አወቁት። መጀመሪያ የጠየቁኝ ልጅቷ ቀምሳለች ወይ ብለው ነው። አልቀመሰችም ስላቸው ሳህኑን አስቀምጠሽ ቁጭ በይ አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ያንተን ነገር ነገሩኝ።

ያን ጊዜ ቆርቆሮውን እንደያዝህ ጓሮ እግራቸው ላይ ወድቀህ አልቅሰሃል አሉ። ሚስቴ ከነልጇ ልትሞትብኝ ነው፤ ብነግራት አትበላም፣ ባልነግራት አታለልኋት ብለሃቸዋል። እውነትህን ነው፣ ብትነግረኝ አልበላም ነበር። እሳቸውም፣ "አብላት። ያላወቀ አይኮነንም። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን" ብለውሃል። በንስሐ ሲነግሯቸው መምሬ ሰው የሌላውን ኃጢአት አይሸከምም ብለው ቢቆጧቸው አልሰሟቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው አርባ አንድ ለእኔ፣ አርባ አንድ ላንተ ሲሰግዱ ኖረዋል። እኔ ለአባትህ ነፍስ ይመስለኝ ነበር። ሾርባውን ያልቀመሱትም ጤነኛ ሰው እሪያ ለመብላት ምክንያት የለውም ብለው ነው እንጂ ንቀውኝ አልነበረም። 

አንተን ከቀበርን ወዲህ ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ። አንተ ፈጣሪ ፊት ቆመህ ሳለህ ስግደቱ ሊቋረጥብህ ነው። ስለዚህ በጉልበቴ ያቃተኝን በሆዴ ላድርገው ብለው እህል ተዉ። እኔ ቂሏ ሐዘን ነው ስል የከረምሁት ይኼን ነው።

ይህን ስሰማ ጮኽሁባቸው። አማቴ ከሆኑ ጀምሮ ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም። ለእኔ ሲሉ ኃጢአት የወሰዱ ሰው ለእኔ ሲሉ አንዲት ጉርሻ መዋጥ ያቅታቸዋል ወይ አልኋቸው። ስግደቱን እኔ ልረከብ፣ የእኔንም፣ የደምሴንም፣ የእርስዎንም፤ እርስዎ ብቻ ይብሉልኝ ብዬ እግራቸውን ያዝሁ። በኋላ ያን ሾርባ ከነድስቱ ውሻ እንዳያወጣው አርቀሽ ቅበሪው፣ ስትመለሺ ድንች በጨው ብቻ ቀቅይልኝ አሉኝ።

ቀበርሁት፤ ቀቀልሁላቸው። ድንቹን ግን ሳህን ላይ እንዳለ ተዉትና እኔን አዩኝ። ገባኝ። ነጠላዬን አደግድጌ ከአልጋቸው ፊት መስገድ ጀመርሁ፤ እሳቸው ይቆጥራሉ። አሥር ሲሞላ አንዲት ቁራሽ አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ሲያላምጡ ቁጥሩ ይጠፋባቸዋል፤ ሲጠፋባቸው ወደ ኋላ መልሰው ያስደግሙኛል። ወገቤ እየተቆረጠ ደገምሁ። አንዲት ድንች ጨርሰው ከሁለተኛዋ እኩሌታ በሉ። ከዚያ ደከማቸውና እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

አሁን አጠገባቸው ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ነገ ይበሉ አይበሉ፣ አንድ ተኩል ድንች ይህን የደረቀ አንጀት ያረጥብ አያረጥብ አላውቅም። ደረታቸው ሲነሣና ሲወርድ እያየሁ ነው፤ ሲዘገይብኝ ብዕሬን እጥላለሁ። ፈርቻለሁ ደምሴ። የምትሰማ ከሆነ እሳቸውን አትጥራብኝ፣ ገና ነው።

አንተን ይቅር አልሁህ ብዬ አልዋሽህም። ለእናትህ ነግረህ ለእኔ መደበቅህ፣ ስድስት ዓመት አንድ ምድጃ ስንሞቅ አፍህን መያዝህ ይቆጠቁጠኛል። ደግሞ ብትነግረኝ ኖሮ ዛሬ የምትቆጣህ ሚስት አትኖርም ነበር፤ እሱንም አውቃለሁ። በአርባ አንዱ ላይ አንዲት ስግደት ለራሴ ጨምሬያለሁ፤ ዛሬ ሲሸተኝ ወድጄዋለሁና። ትረሳኝ ይሆን ብለህ እንዳትሠጋ። ጉልበቴ እስካልከዳኝ ድረስ በየማለዳው ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ፤ ተቆጥቼ የምጠራበት ቀን ይበዛ ይሆናል፣ ሳልጠራው የምነሣበት ቀን ግን አይኖርም።

ሚስትህ እንጉዳይ