በቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ላይ የፈረሙት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ሐብተማርያም፣ ሆሳዕና።

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎን ብርዱ መልሶ ነካው ወይስ ዘንድሮ ማረዎት? የእማማ ዓይን እንዴት ሆነ? ጠብታውን ሳታቋርጥ ትጨምራለች ወይ? እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። እዚህም ሐምሌ ብርድ ነው። ዝናቡ የለም እንጂ ሰማዩ ሳምንቱን ሙሉ እንዳጠላ ይውላል።

እንደጻፍኩልዎ፣ ኢስትሊ ከሚባለው ሰፈር ጫፍ ባለችው ትንሽ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አግዛለሁ። ስደተኛ ስለሆንኩ ደመወዝ የለኝም፤ ምሳና ማታቱ ለሚሉት ሚኒባስ መሳፈሪያ ይሰጡኛል። በር ላይ ተቀምጬ የሚገባውን ሰው ሁሉ መዝገብ ላይ ስሙን አስጽፋለሁ፤ የተቀደደ መጽሐፍም እለጥፋለሁ። ኃላፊያችን ሚስስ ሚልካ የዚህ አገር ሴት ናት። ቁጡ ናት፣ ሆዷ ግን ንጹሕ ነው።

ቤቱ የሚተዳደረው ከተማው ከየቤቱና ከየሱቁ በሚሰበስበው ቀረጥ ነው። ቀረጡ በየአምስት ዓመቱ ካልታደሰ ይቀራል፤ ቤቱም ይዘጋል። ዘንድሮ ጊዜው ሲያልቅ የሰፈሩ ነጋዴዎች ከእንግዲህ አንከፍልም ብለው አመለከቱ። ምክር ቤቱም ሦስት ሰዎች ልከን መዝገቡን እናያለን፣ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ እናድሳለን አለ።

እንግዲህ የምነግርዎት ነገር ከዚህ ይጀምራል። አቶ መኳንንት የሚባሉ የጂኦግራፊ አስተማሪ የነበሩ የአገራችን ሰው፣ በየቀኑ እየመጡ ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ስማቸውን የሚጽፉት በአማርኛ ነው። ለምን ብላቸው፣ “በሰው ፊደል ስጽፈው እኔን አይመስለኝም” አሉኝ። በሚያዝያ ታመው አረፉ። የቀበርናቸው እኛው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነን፤ አፈሩ ሲመለስ ቆሜ አይቻለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ አንድም ሰው በበሩ ሳይገባ፣ ጎንበስ ብዬ ባይ ስማቸው ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የራሳቸው ነው። በጣቴ ብነካው ቀለሙ አልደረቀም ነበር።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ማክሰኞ ይጻፍ ጀመር። ዓይኔን ከመዝገቡ ሳልነቅል ልጠብቅ እላለሁ፤ አንድ ሰው መጽሐፍ ሲመልስ ዞር እላለሁ፤ ስመለስ ተጽፏል። ለሚስስ ሚልካ ብነግራት መዝገቡን ከደነችና፣ “ቀረጡ እስኪታደስ ለማንም አትንገሪ” አለችኝ። አልሳቀችብኝም። ያስፈራኝ እሱ ነው።

ሦስቱ የምክር ቤቱ ሰዎች ባለፈው ሐሙስ መጡ። ማንበቢያው ክፍል በሰው ሞላ። ነጋዴዎቹን ወክሎ የተናገረው ሱሩር የሚባል ጨርቅ ሻጭ ነው። የማናነበውን ለምን እንከፍላለን እያለ ደህና አድርጎ ተሟገተ። የሦስቱ ሰብሳቢ መዝገቡን ሲያገላብጥ ቆይቶ የአማርኛው ጽሑፍ ላይ ቆመና፣ ይህ ቁጥር ለማብዛት የተጫረ ነው፣ ማን ያነበዋል ሲል ጠየቀ። ሚስስ ሚልካ ቀና ብላ አላየችኝም። ተነሥቼ ስሙን አነበብኩ። ሰውየው የት ነው አለኝ። አባባ፣ ሐሰት እንዳልናገር ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። “በሚያዝያ ቀብረናቸዋል፤ ይህ የተጻፈው ግን ከትናንት ወዲያ ነው” አልኩ።

ቤቱ ተዘጋ፣ የዘጋሁትም እኔ ነኝ ብዬ ቁጭ አልኩ። ሰብሳቢው መዝገቡ ሐሰተኛ ነው ሊል አፉን ሲከፍት፣ ሱሩር ከመቀመጫው ተነሥቶ ገጹን ለማየት ጠጋ አለ፤ ክሱን ለማጠንከር ነበር። ጣቱን በየመስመሩ ሲያወርድ አንድ ቦታ ቀጥ አለ። “ይህ የመዲና እጅ ነው” አለ። መዲና ሚስቱ ነበረች፤ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። እዚሁ ቤት በጎልማሶች ትምህርት ፊደል የቆጠረችና ስሟን እያጣመመች የምትጽፍ ሴት ናት። የተጻፈበት ቀን የዚያው ሳምንት ሰኞ ነው። ብዙ ሰው የሚገባበት ቀን ስለሆነ እኔም ሳላስተውል አልፌዋለሁ።

ማንም አልጮኸም። ሰዎች አንድ በአንድ ተነሥተው ተሰለፉና መዝገቡን እያዩ አለፉ። አንዳንዱ አይቶ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ገጹን በመዳፉ ይዳስሳል። ሰብሳቢው የነጋዴዎቹን የመጨረሻ ቃል ሲጠይቅ፣ ሱሩር ቆሞ፣ “እንከፍላለን። በሩ እንዳይዘጋ” ብሎ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ቀረጡ ለአምስት ዓመት ይታደስ ብሎ ፈረመ። ከዚያ እጁን በመሐረብ ጠረገና የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ ወጣ። ሚስስ ሚልካ ከዚያ ቀን ወዲህ ማለዳ ስትገባ ባዶውን ክፍል እንደምን አደራችሁ ትላለች።

አባባ፣ በመጨረሻው ደብዳቤዎ ስለ ወንድሜ ስለ አስቻለው የጠየቁኝን ይህን ሁሉ ሳልነግርዎት መመለስ አልቻልኩም። ሞያሌ ላይ “ቅደሚ፣ እደርስብሻለሁ” ብሎኝ ከተለያየን ሦስት ዓመት ሞላ፤ ጎረቤቱ ድንኳን እንትከል፣ እርሙን እናውጣ እያለ እንዳስጨነቃችሁ ጽፈዋል። ሐሙስ ዕለት ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቼ በየመስመሩ አየሁት። አንድም መስመር እንዳያመልጠኝ ሁለት ጊዜ አየሁት። አስቻለው መጽሐፍ ያለበትን በር አልፎ የማይሄድ ልጅ እንደነበር ያውቃሉ። ስሙ የለም። ዛሬም ጠዋት አየሁ፤ የለም። ድንኳኑን አትትከሉ።

የእማማን ጉልበት ይሳሙልኝ። አቢግያ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ፤ ለጋሼ ሐብታሙና ለቤተሰቡ፣ በጸሎት ለሚያስቡኝ ለእትዬ ፋናዬም ሰላምታዬ ይድረስ። እርስዎን ጌታ በጤና ያቆይልኝ።

ልጅዎ ሠርክ
ናይሮቢ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1988 ዓ.ም.