የክላሽ ባሩድ በአባባ ውጅግራ

ለወንድሜ ለእንዳሻው፤

እንደምን ከርመሃል? አንተንም ቤተሰቡንም ጎረቤቱንም ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። እጅህስ እንዴት ሆነ? ቁስሉ ጠገገ? ብርድ ሲሆን የተቆረጡት ጣቶችህ ቦታ ይጠዘጥዝሃል ሲሉ ሰምቼ አልቅሻለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ማለቴ ቆሜ እሄዳለሁ ለማለት ነው እንጂ አንጀቴስ አሯል። ስልክ ስደውል ድምፄን እየሰማህ ስለምትዘጋብኝ፣ ይኸው በወረቀት መጣሁብህ። ቀድደህ ብትጥለውም መጀመሪያ ታነበዋለህ።

እዚሁ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ቶራንስ የሚኖሩ ጋሼ አምደሚካኤል የሚባሉ ሽማግሌ እንደማስታምም ታውቃለህ። በጃንሆይ ዘመን ለትምህርት መጥተው የቀሩ መሐንዲስ ናቸው። ከጥንት ዕቃ ሻጭ ልክ የአባባን የመሰለ ውጅግራ ጠመንጃ ገዝተዋል፤ ጥይቱ የትም ሱቅ ስለማይገኝ ግን ራሳቸው ይሠሩታል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር እኔ ተተካሁ። ከጎማ ቤት የለቀምነውን የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ጋራዣቸው ውስጥ አቀልጥና የጥይት ቅርጹ ውስጥ አፈስሳለሁ። ቅርጹ ሳይሞቅ የወጣው ጥይት ፊቱ ይጨማደዳል፤ እሱን መልሼ ድስቱ ውስጥ እጥለዋለሁ። ደህናውን ሰምና ሞራ እቀባዋለሁ። ጋሼ ሲያሾፉብኝ፣ «ምንትዋብ፣ ከዶሮ ወጥሽ ጥይትሽ ይሻላል» ይሉኛል።

አባባ በአርባዬ ውጅግራዬ ይተኮስልኝ ብሎ መናዘዙን የነገርከኝ ጊዜ ለጋሼ አጫወትኳቸው። ትርፍ ቅርጻቸውን ሰጡኝና ፌርፋክስ ካለው የሐበሻ ሱቅ በመንገደኛ ላክሁልህ። ያሉኝንም ቃል በቃል በስልክ ነግሬሃለሁ፤ «ሊስን፣ ጥቁር ባሩድ ብቻ! የክላሹን እንዳይሞክር፣ ኦኬ? ጠመንጃው ኦልድ ነው፣ ፕሬሸሩን አይችልም» ነበር ያሉት። እንዳይምታታብህ ፈርቼ፣ ጠመንጃው አሮጌ ነው፣ ግፊቱን አይችልም ብዬ በእኛ አማርኛ ደገምኩልህ። አንተ ግን ሴት ስለ ጠመንጃ ምን ታውቃለች ብለህ ሳቅክብኝ። ጥቁሩን ባሩድ ካጣህ ተኩሱ ይቅር፣ አባባ አይቀየምህም ብዬም ለምኜህ ነበር።

አንተ ሆዬ የክላሽ ጥይት ፈትተህ ባሩዱን ገለበጥክ። አባባ ቀለሁን እስከ አፉ ሲሞላ እያየን ስላደግን፣ አንተም እስከ አፉ ሞላህ። አባባ የሚሞላው ግን ጭሱ ደጁን የሚያለብሰውን፣ ለዚያ ጠመንጃ የተሠራውን የድሮውን ባሩድ ነበር። ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ተኮስክ፤ ጠመንጃው እጅህ ላይ ፈነዳ። ወንድሜ ነህ፤ ሞተህ ቢሆንስ?

ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ ያደረግኸው ነው። ጥፋቱ ምንትዋብ ከአሜሪካ የላከችው ቅርጽ ነው ብለህ ለአገር ምድሩ አወራህ። እህታችን ማዕዶት ስትነግረኝ አላመንኳትም ነበር። እማዬ ልጄን ያስቆረጠችው እሷ ናት ብላ ስልኬን ማንሣት ተወች። አንተ ጣቶችህን አጣህ፤ እኔ እናቴን በቁሟ አጣኋት። ይህ ሁሉ፣ እህቴ አስጠንቅቃኝ አልሰማሁም ላለማለት ነው! ኧረ እፈር!

አሁን ደግሞ የአጎታችን ልጅ አሳምነው ሌላ ቅርጽ አሠርቶ፣ ለአባባ ሙት ዓመት የአባቱን ውጅግራ በዚያው በክላሽ ባሩድ ሊሞላ ነው አሉ። ደውዬ ብለምነው፣ ባሩዱ ምን አደረገ፣ ጉዱ ያንቺ ቅርጽ ነው አለኝ። ከአንተ የሰማውን ነው የመለሰልኝ። እሱ ዓይኑን ቢያጣ በማን ልታሳብብ ነው?

ይቅርታ ጠይቀኝ አልልህም። እማዬ ፊት ተቀመጥና፣ ምንትዋብ ነግራኛለች፣ ባሩዱን የሞላሁት እኔ ነኝ በላት። አሳምነውም አብሮ ይስማ።

ባለቤትህን ሐሌታን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ፤ ቁስልህን ስታጥብ እኔን አለመርገሟን ሰምቻለሁ። ልጆችህን ዮፍታሔንና አይዳን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ማዕዶትን እቅፍ አድርግልኝ። የአሳምነውን ሰላምታ እውነቱን ከነገርከው በኋላ አድርስለት። ለእማዬ ግን በአንተ አፍ ሰላምታ አልልክም። የነገርካት ቀን ራሷ ትደውልልኛለች፤ ካልደወለች አሁንም እንዳልነገርካት አውቃለሁ።

እህትህ ምንትዋብ
ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ
ኅዳር 12 ቀን 2012 ዓ.ም.