ስለ አምስተኛው ገመድ

ለክቡር አቶ ዴንዚል ትሬምባዝ
የፖልጌሪስ መንደር ምክር ቤት ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጉልበትዎ እንደተሻለዎት፣ የባሕሩ ንፋስም ደረትዎን እንዳልተዳፈረ ተስፋ አደርጋለሁ። ወንድሜ ሄድሊ ሐኪም ቤት ተኝቶ እንኳ «የዴንዚል ጉልበት እንዴት ሆነ?» እያለ ይጠይቀኝ ስለ ነበር፣ እሱ ካለፈ በኋላ ጥያቄውን ማቋረጥ ነውር መስሎ ታየኝ። እኛ ደህና ነን። ማለቴ እሱ ሞቷል፣ እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ከዚህ በቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ በርዎ ሥር በማስገባት ፈንታ በሱቁ ሰሌዳ ላይ፣ ከጠፋችው ድመት ማስታወቂያ አጠገብ በመለጠፌ ቅር እንደማይሰኙ አምናለሁ። የመንደሩ ጉዳይ ሁሉ በሰው ፊት፣ እጅ እየተነሣ ይታይ ብለው ያስተማሩን ክቡርነትዎ ነዎትና። አሁን ምስጋናዬን በየተራው አቀርባለሁ።

፩ኛ. አገራችን ከአውሮፓ ኅብረት በምትወጣበት ማታ የቤተ ክርስቲያናችን ስድስት ደወሎች ለደስታ ይደወሉ ወይስ አይደወሉ የሚለውን ጉዳይ፣ እኛ ስድስቱ ደዋዮች እንደ ልማዳችን በማማው ውስጥ እንዳንጨርሰው አድርገው በአዳራሽ ስብሰባ ስለ ጠሩበት እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። «ይደወል» የሚል በቀኝ፣ «አይደወል» የሚል በግራ ይቀመጥ በማለትዎም ብዙ ተማርን። ባልና ሚስቱ ፓስኮዎች፣ አንደኛውንና አራተኛውን ደወል የሚደውሉት፣ በአንድ አልጋ እያደሩ በአዳራሹ ግን መተላለፊያው ለያያቸው። እሷ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አቅፋ ባሏን እንደ ባዕድ ስትመለከተው ያየሁት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ስድስተኛውን ደወል የሚደውለው ወንድሜ በቀኝ እንደሚቀመጥ ያላወቀ አልነበረም። መውጣቱን መርጧል፤ ሲመርጥም አልደበቀም። ጀልባውን በኅብረቱ የዓሣ ደንብ ምክንያት አስረክቦ፣ እዚሁ ወደባችን ዳር በመጋዝ ሲቆራርጧት ቆሞ ያየ ሰው ነው። እኔ ደግሞ መቆየቱን መረጥኩ፤ ልጄ ፔራን ሮማንያዊቷን ኢሊንካን አግብቷል፣ እሷም ምርጫው በተቆጠረ ማግስት ዳቦ ልትገዛ ሄዳ «እና መቼ ነው ሻንጣሽን የምታዘጋጂው?» ተብላ ተመለሰች። እኔና ሄድሊ እሑድ እሑድ ምሳ እኔ ቤት እየበላን እንጨቃጨቅ ነበር። «አንቺ ለነሱ ስትዪ ድስቱን ጭምር ትሰጫለሽ» ይለኛል። «አንተ ደግሞ ለጀልባ ስትል ቤቱን ታቃጥላለህ» እለዋለሁ። ከዚያ ድንቹን ያቀብለኛል። ክቡርነትዎ ይህን ዓይነት አለመስማማት በአጀንዳ ውስጥ ማስገባት እንደሚያስቸግር ይገባኛል።

የሆነው ሆኖ ሄድሊ በቀኝም በግራም አልተቀመጠም። ቆቡን ይዞ መተላለፊያው ላይ ቆመ።

«እኔ መውጣትን መርጫለሁ፤ ነገም ብትጠይቁኝ እመርጣለሁ» አለ። «ግን ያ ደወል የተሸነፈ ሰው ላይ ለመሳቅ አልተሰቀለም። እህቴ ኩሽና ውስጥ እያለቀሰች እኔ እላይ ገመድ አልስብም።»

ክቡርነትዎም ከመድረኩ ላይ «ኧረ ሄድሊ! አንተ ሰውዬ ከማን ወገን ነህ?» ብለው ጠየቁት።

«ከስድስተኛው ደወል» አለ። አዳራሹ ሳቀ፤ ቀኙም ግራውም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ አብረን ስቀን አናውቅም። ክቡርነትዎ ግን አልሳቁም፤ ጆሮዎ ድረስ ቀልተው እጅ አስቆጠሩ።

፪ኛ. «ይደወል» የሚለው ስላሸነፈ፣ እኛም ከሄድሊ ጋር ሆነን ገመድ አንይዝም ስላልን፣ ከወዲያኛው ሸለቆ ደዋዮች በማስመጣትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሰዎቹ ለደወሎቻችን እንግዳ ስለ ነበሩ ድምፁ ሳህን የጫነ ጋሪ ደረጃ ላይ እንደወረደ ሆኖ ተሰማ። የማማውን በር የከፈተላቸው ሄድሊ ነው። «ሁለተኛው ይፈጥንባችኋል፣ ያዝ አድርጉት» ብሎ መክሯቸው፣ ራሱ ግቢው ውስጥ ቆሞ ዝናብ ሲመታው ቆየ። የፈለገው ነገር ተፈጽሞለት ያን ያህል ያዘነ ሰው አይቼ አላውቅም።

፫ኛ. ከዚያ ወዲህ ወደ ማማው ድርሽ ባለማለትዎ አምስተኛው ገመድዎ እንዳያረጅ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ከእርስዎ በኋላ በአምስት ሰው ደወልን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ዝም፣ ስድስት። መንደሩ ያንን ዝምታ ለምዶታል፤ ውሾች እንኳ አይጮኹበትም። ሌላ ሰው እናስተምርና አምስተኛውን ይያዝ ብንለው ሄድሊ ፊቱን አጠቆረብን። «የሰው ገመድ ነው። ይመጣል» አለ። ገመዱን ጠቅልሎ በሚስማሩ ላይ ሰቀለው፤ በየሳምንቱም አቧራውን ይጠርግለታል።

ረቡዕ ረቡዕ ከልምምድ በኋላ ወደ መጠጥ ቤቱ ስንወርድ ክቡርነትዎ ከምድጃው አጠገብ ጀርባዎን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ሄድሊም ብርጭቆውን ለጀርባዎ ያነሣ ነበር። ጀርባዎ አንድም ቀን መልስ ሰጥቶት አያውቅም። ይህ በሠርጉ ቀን ሚዜው የነበሩት ሰው ጀርባ መሆኑን ለማያውቁ አዲስ ነዋሪዎች ማስረዳት ከበደኝ፤ ተውኩት።

በሽታው ሲጠናበት ስድስተኛውን ደወል ለኢሊንካ አስተማራት። አዎን፣ መውጣትን የመረጠው ሰው፣ ሻንጣሽን መቼ ታዘጋጂያለሽ ለተባለችው። «አጎቴ፣ ይሄ እኮ በሬ ነው!» ስትለው «አትታገይው፤ እስኪመጣልሽ ጠብቂው፣ ሲመጣ ተቀበይው» ይላታል። አንዱ ሱቅ ውስጥ ይህን ሰምቶ ሊያሾፍበት ቢሞክር «ከብራስልስ ተለየሁ እንጂ ከምራታችን መች ተለየሁ!» አለው። ይህን ለእኔ እሑድ ምሳ ላይ ቢለኝ ኖሮ እሟገተው ነበር፤ ዛሬ ግን የሚሟገተኝ አጥቼ ቤቱ ጠቦኛል።

፬ኛ. የመጨረሻው ምስጋናዬ የቅዳሜውን ይመለከታል። የሄድሊ ቀብር ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ደዋይ ወይም ወላጁ ሲሞት ጓዶቹ የየደወሉን መምቻ በአንድ ጎኑ ቆዳ አልብሰው ይደውሉለታል፤ አንዱ ምት ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ቀጣዩ ከሩቅ እንደሚመልስ ሰው ይሆናል። ለክቡርነትዎ ይህን መንገሬ ድፍረት ነው፤ ለአባትዎም ለአባቴም አብረን ደውለናል። ሄድሊ የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «በስድስት ይሁንልኝ፣ ሎቭዴይ። በዚያ ክፍተት አትሸኙኝ» አለኝ። እሺ አልኩት። ምን ልበለው?

ቄሱ እንደነገሩኝ ግን ክቡርነትዎ በዚያው ሰዓት የመኪና ማቆሚያው ነጭ መስመር ሲቀባ መቆጣጠር ስላለብዎ አይመቸዎትም። ወይ ጉድ! ቀለም ባለመከታተል አንድ መንደር ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል እኛ ተራ ሰዎች አናውቅም። የወዲያኛው ሸለቆ ሰዎች አንድ ደዋይ ሊያውሱን ተስማምተው ነበር፤ እኔ እንቢ አልኩ። የሰው ገመድ ነው። እርስዎ ካልመጡ ተሰቅሎ ይቀራል፣ ሄድሊም በክፍተቱ ይሸኛል፤ ክቡርነትዎም ከመኪና ማቆሚያው ቆመው ራስዎን ይሰሙታል።

ስለ አውሮፓ ያለኝን ሐሳብ አልለወጥኩም፤ ክቡርነትዎም እንዲለውጡ አልጠይቅም። ሄድሊም ሳይለውጥ ሞቷል። በዚህ ሦስታችንም ግትር ነን፤ አንድ መንደር ተወልደን ሌላ ጠባይ ከየት እናምጣ?

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለጉልበትዎ ብርታትን፣ ለነጭ መስመሮችዎም ቶሎ መድረቅን እየተመኘሁ፣ ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣

ሎቭዴይ ሮዝዋርን
የሦስተኛው ደወል ደዋይ፣ የተሸነፈው ወገን ነዋሪ፣ የሄድሊ ከርናው እህት

ይህን ከጻፍኩ በኋላ የተጨመረ፦ ዛሬ ጠዋት እኔና ኢሊንካ መምቻዎቹን ቆዳ ልናለብስ ወደ ደወሎቹ ወጣን። አምስቱን አለበስን። ያንተ ግን ቀድሞ ለብሶ አገኘነው። ባለፈው ክረምት ለእናትህ ቀብር ስንደውል፣ አንተ ታች ከሬሳዋ አጠገብ ተቀምጠህ ሳለ፣ ሄድሊ የማይደወለውንም ደወል አልብሶት ነበር፤ «የሷ ልጅ ደወል ነው፣ ራቁቱን አይሆንም» ብሎ። ከዚያ ወዲህ ገመዱን የሳበ ስለሌለ ቆዳው እዚያው ቀርቷል። ቋጠሮው የሱ ነው፤ አልነካሁትም። ቅዳሜ አራት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ክፍት ነው፣ ዴንዚል። ደረጃው ለጉልበትህ ከከበደ ፔራን ይደግፍሃል።