ፍሬን የምይዝበት እግሬ

መጋቢት 17

ሙቀት። ገና በጠዋቱ መሪው እጅ ያቃጥላል። ጨርቅ ጠቅልዬበት ነዳሁ። የእርግዝናዬን ሰባተኛ ወር እያገባደድኩ ነው… ሆዴና መሪው ሊሳሳሙ ትንሽ ቀርቷቸዋል። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረግኩት።

ከሰዓት አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞላ። ትኬት ቆራጬ እንደ ልማዱ ከመነሻ እስከ መድረሻ አፉ አላረፈም። ዴፖ ውስጥ ሁሉም “ራዲዮ” ነው የሚለው፤ ስሙን የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። “ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ሾፌራችን ለሁለት ነው የምትነዳው” አለ። ሰው ሳቀ። እኔም።

ቤት ገብቼ ጫማዬ አልወጣ አለ። ባለቤቴ ተንበርክኮ ጎተተው። የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቦይ ቆፍሯል። በጣቴ ጫን አደረግኩት… ጎድጎድ ብሎ ቀረ። እንደ ሊጥ።

ምንም አይደለም። ሙቀቱ ነው።

መጋቢት 20

ሁለቱም እግሮቼ እኩል ኩፍ ብለዋል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ቀኙ ነው። ፍሬን የምይዝበት።

እማዬ ዛሬ ጓዟን ይዛ መጣች። እስክወልድ ከኛ ጋ ነች። እግሬን ገና እንዳየች፣ “ውሃ እንደ ግመል እየጠጣሽ እንዴት አታብጪ” ብላ ጠርሙሴን ደበቀችብኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ “አንቺን ሳረግዝ የአባትሽን ጫማ ነው አድርጌ የከረምኩት” አለች።

ጥሩ ሐሳብ። የባለቤቴን ሸራ ጫማ ሞከርኩት። ገባ። ፊቱ ሰፋ ይላል እንጂ ይሆናል። ነገ በሱ ነው የምነዳው።

መጋቢት 23

ክሊኒክ። አዋላጅ ነርሷ ግፊቴን ለካች፣ ሽንቴን አስመረመረች። “ለጊዜው ደህና ነሽ። በዚህ ሙቀት ብዙ እናቶች ያብጣሉ” አለችኝ። ውሃ እንዳቆምኩ ስነግራት ቀና አለች።

“ማን ከልክሎሽ?”

“እናቴ።”

“በሚቀጥለው ይዘሻት ነይ።”

ጠጪ አለችኝ። ጨው ቀነስ አድርጊ፣ ስትተኚ በግራ ጎንሽ፣ ባገኘሽው አጋጣሚ እግርሽን ከፍ፣ በጠዋት ነፋስ ትንሽ ተራመጂ። ይኼ ሁሉ ይቻላል። “ፊትሽና እጅሽ ድንገት ካበጠ፣ ራስ ምታት አልለቅ ካለሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ፣ ወይ አንዱ እግር ብቻ አብጦ ካመመሽ ግን ቀጠሮ እንዳትጠብቂ። በዚያው ቀን።”

ከዚያ ሥራዬን ጠየቀች። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ ስላት እስክሪብቶዋ ቆመ።

“እስከ መቼ ልትነጂ ነው?”

“እስከቻልኩ።”

“መቻልሽን ማነው የሚለካው?”

የቀጠሮ ካርዴን ተቀብዬ ወጣሁ።

መጋቢት 24

አዲስ ደንብ አወጣሁ። መድረሻ ላይ በደረስኩ ቁጥር አውቶቡሱን በእግሬ እዞረዋለሁ። ከዚያ የኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብዬ እግሬን መስኮቱ ጠርዝ ላይ እሰቅላለሁ። ራዲዮ በሩ ላይ ቆሞ ሰው ያስታግሳል። ዛሬ ምን ሲል ሰማሁት… “አንዴ ታገሱን፣ ሾፌራችን ጎማዋን እያስተነፈሰች ነው።”

እግሬን እንደሰቀልኩ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ልጄም ረገጠችኝ። ሴት መሆኗን ማንም አልነገረኝም፤ እኔ ግን ወስኛለሁ።

መጋቢት 27

የስምሪት ኃላፊው ጠራኝ። ዓይኑ ጫማዬ ላይ ነበር።

“ትኬት መሸጫው ጋ ቦታ አለ። ጥላ ነው፣ ወንበር አለ።”

“ከወለድኩ በኋላስ?”

“እሱን ያኔ እናያለን። መሪ የለቀቀ ሰው መቼም… ቦታው ቁጭ ብሎ አይጠብቀውም።”

አምስት ዓመት እዚያ መስኮት ውስጥ ተቀምጫለሁ። አውቶቡሶቹ ሲወጡ ሲገቡ እያየሁ። መንጃ ፈቃዱን በራሴ ጊዜ ተምሬ፣ ሦስቴ አመልክቼ ነው የወጣሁት። ዴፖው ውስጥ መሪ የያዘች ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ዛሬ ተመልሼ ከገባሁ ማን ያስወጣኛል?

“ደህና ነኝ፣ እነዳለሁ” አልኩት።

ደህና ነኝ ወይ?

ሚያዝያ 2

ሳይውል ሳያድር ልጻፈው።

ከሰዓት ነው። ከገበያው በላይ ያለው ቁልቁለት። ከፊቴ አትክልት የጫነ ጋሪ ቆመ። እግሬን አነሳሁ… አልተነሳም። የሸራው ጫማ አፍንጫ ፍሬኑ ሥር ገብቷል። እግሬ ደንዝዞ ስለነበር መግባቱን እንኳ አላወቅኩም። በጉልበቴ ነቅዬ አወጣሁትና ረገጥኩ። ቆምን። ከጋሪው የቀረን ስንዝር ነው። አንድ ቲማቲም ተንከባሎ የፊት ጎማችን ሥር ገባ። ባለ ጋሪው ዞር ብሎ እንኳ አላየንም።

ተሳፋሪው ለአመል ያህል አጉረመረመ። ማንም አልገባውም። ራዲዮ ብቻ… ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ሲል አየሁት።

መድረሻው ጋ ለመድረስ ሁለት ፌርማታ ቀርቶን ነበር። ልድረስ? ሁለት ፌርማታ ምን አላት? ከኋላዬ ስንት ሰው ነው የቆመው… አንዷ ሕፃን አዝላለች፣ በመስታወት አየኋት። ወደ ዳር አወጣሁና ሞተሩን አጠፋሁ።

“በሚቀጥለው ትሄዳላችሁ፣ ይቅርታ” አልኳቸው።

“አውቶቡሱ ተበላሸ?” አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

“አውቶቡሱ ደህና ነው አባቴ።”

ቁልፉን ነቀልኩ። ራዲዮ ወደ ስምሪት ደውሎ ሌላ ሾፌር አስመጣ። ስንጠብቅ ውሃ ገዝቶ ሰጠኝና “ደግ አደረግሽ” አለኝ።

ባለቤቴ “ጫማውን ልጣለው?” ይላል። ጫማው ምን አጠፋ። እግሬ ፍሬኑን አልሰማውም፣ ያ ነው ነገሩ። መንዳቴን አቁሜያለሁ። መሪዬን ግን አልሰጥም። ሁለቱ እንዴት እንደሚታረቁ ነገ አስባለሁ።

ሚያዝያ 3

አዋላጇ ጨው ቀንሺ ብላኛለች፤ ዛሬ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ኃላፊው ቢሮ የገባሁት። የትናንቱን አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

“ብዬሽ ነበር” አለ።

“ብለውኛል። ልክ ነበሩ። እስክወልድና እግሬ እስኪመለስ አልነዳም። ከዚያ እነዳለሁ።”

“እንደሱ የሚባል አሠራር የለንም።”

“አምበሉ እግሩን ሲሰበርስ?”

አምበሉ የምንለው የዴፖው ኳስ ቡድን አለቃ ነው። ሾፌር ነው። ኳስ ሲጫወት ተሰብሮ ወራት በጀሶ ከረመ፤ ሲሻለው እዚያው አውቶቡሱ ላይ ወጣ።

“እሱ ሌላ ነው።”

“በምን?”

“እሱ… እግሩ ነበር።”

“የኔስ ምኔ ነው?”

በሩ ጋ ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። ኃላፊው ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ ከተተ፣ መልሶ አወጣ። “ላስብበት” አለ። ስልኬን እንደማያውቅ ሁሉ ቁጥሬን ደግሜ ነገርኩት።

ሚያዝያ 4

አልደወለም።

ሚያዝያ 5

አልደወለም። እማዬ “ሰው ላይ ዓይንሽን አፍጥጠሽ መጥተሽ እንዴት ይደውልልሽ” ትላለች። እግሬን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬ ስልኩን አያለሁ።

ሚያዝያ 6

ደወለ። የመገናኛ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ከሾፌሮች ጋር በሬዲዮ እንድነጋገር። የትኛው መንገድ ተዘጋ፣ ማን ዘገየ፣ ማን ጎማ ፈነዳበት… መደቤ ሾፌር ሆኖ ይቆያል። ሁለቴ አስደገምኩት፤ “ሾፌር ሆኖ።”

በኋላ ከትኬት ቆራጬ ከራዲዮ ነው የሰማሁት። አምበሉ ራሱ ገብቶ፣ “እኔ ጀሶ ውስጥ ሆኜ መስመሬን ማን ነው የሸፈነልኝ? የዕረፍት ቀኗን እየተወች እሷ ናት” አለው አሉ። ረስቼው ነበር። እውነቴን ነው። እሱ አልረሳም።

ሚያዝያ 16

መገናኛ ክፍሉ ውስጥ እግሬ ባዶ የዘይት ሳጥን ላይ፣ ከሳጥኑ በላይ ትራስ። ጠርሙሴ አጠገቤ። በየመሃሉ ተነስቼ ግቢውን እዞራለሁ። ጠዋት ሲነጋ ከባለቤቴ ጋር እስከ መንገዱ ጫፍ እንራመዳለን። ማታ ማታ በግራ ጎኔ፣ ከእግሬ ሥር ብርድ ልብስ አጣጥፌ። እብጠቱ ጨርሶ አልጠፋም። ግን ጠዋት ስነሳ ቀለል ይለኛል፣ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። ልኩን አወቅኩት።

እማዬን አዋላጇ ጋ ወሰድኳት። ምን እንዳለቻት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ጠጪ፣ ጠጪ… ፋታ የለኝም። ወጡንም አልጫ በአልጫ አድርጋዋለች። ባለቤቴ ከጓዳ ጨው እየሰረቀ ይበላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ድስቱ አጠገብ ስይዘው “ክብሪት ልፈልግ ነው” ይለኛል።

ግንቦት 3

ቀለበቴ አልወጣ አለኝ። ትናንት እኮ ይዞር ነበር። መስታወት ሳይ ፊቴ የኔ አይመስልም፣ ዓይኖቼ ጠበዋል። ከእንቅልፌ ስነሳ የጀመረኝ ራስ ምታት አልለቀቀኝም።

መገናኛ ክፍሉ ውስጥ ዛሬ ተተኪ የለም። እስከ ምሳ ልቆይ ብዬ ነበር… ጥርሴን ነክሼ። ከዚያ የአዋላጇ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ መጣ። መቻሌን እኔ እየለካሁ ነው እንዴ አሁንም? ኃላፊው ጋ ሄጄ “አሁኑኑ ሐኪም ቤት መሄድ አለብኝ” አልኩት። ፊቴን አየ። አንድም ነገር ሳይጠይቅ ቁልፉን አንስቶ በራሱ መኪና ወሰደኝ። መንገዱን ሙሉ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ እንደ ተማሪ ነው የነዳው።

ግፊቴ ከፍ ብሏል። አስተኙኝ።

ግንቦት 5

መድኃኒት። መርፌ። ግፊት ይለካሉ፣ ሽንት ይወስዳሉ። ሐኪሟ ቆማ አታወራም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። “በጊዜ መምጣትሽ ጠቀመን” አለችኝ። “ልጅሽ ደርሳለች። ከዚህ በላይ መጠበቅ ለሁለታችሁም አይበጅም።”

ልጅሽ ደርሳለች አለች። ሴት ናት።

ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀ ነው። ፈራሁ? ፈራሁ። ግን ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ አንድ ነው። መሄድ ነው።

ግንቦት 7

መጣች። ትንሽ ናት፣ ጩኸቷ ግን የአውቶቡስ ጥሩንባ ነው።

ግንቦት 18

ቤት ገብተናል። እኔ የመሰለኝ በወለድኩ ማግስት እግሬ የሚጎድል ነበር፤ እንዲያውም ጭራሽ ብሶበት ሰነበተ። ግፊቴን በየቀኑ ክሊኒክ እየሄድኩ እለካለሁ፣ መድኃኒቱንም አላቋረጥኩም። ዛሬ ግን ልጄን ሳጠባ ዝቅ ብዬ ሳይ ቁርጭምጭሚቴ አለ። እንደ ጠፋ ዘመድ ሰላም አልኩት። እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። “ታዲያ የት ሊሄድ ኖሯል” አለችኝና ዓይኗን በነጠላዋ ጠራረገች።

መስከረም 26

ኃላፊው ከመመለሴ በፊት እንደ አዲስ እንድፈተን አዘዘ። አምበሉ ተፈትኖ ነበር ወይ? ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ፈተናውን ፈልጌዋለሁ፤ ለሱ ብዬ አይደለም። ያን ቁልቁለት ሳልወርድ አንድም ሰው መጫን አልፈልግም።

ባዶ አውቶቡስ፣ ፈታኙ አጠገቤ። ቁልቁለቱ ላይ “ቁሚ” አለ። ቆምኩ። ፍሬኑ ከጫማዬ በታች እንዴት እንደሚገፋኝ፣ የት ጋ እንደሚይዝ… ሁሉም ተሰማኝ።

“አንዴ እንድገመው?” አልኩት።

“ለምን? አለፍሽ እኮ።”

“ለራሴ ነው።”

ጥቅምት 4

የመጀመሪያ ቀኔ። ጠዋት ዴፖው ውስጥ ማንም የተለየ ነገር አላለኝም። ደስ አለኝ። አምበሉ በመስኮት እጁን አነሳልኝ፣ ወጣሁ።

ገበያው ፌርማታ ላይ ባለቤቴና እማዬ ቆመው አየሁ። አልተነጋገርንም ነበር። እማዬ ልጄን ታቅፋለች። እንደ ማንኛውም ሰው ተራቸውን ጠብቀው ተሳፈሩ። እማዬ በአጠገቤ ስታልፍ ሰላም እንኳ አላለችኝም፤ “ሾፌር ማነጋገር ክልክል ነው” የሚለውን ጽሑፍ አንብባ መሰለኝ።

ራዲዮ ለሁለቱ ቆረጠላቸው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ልጄን ሲያያት በመስታወት አየሁት።

“የዚህችስ?” አለችው እማዬ።

“እሷ የድሮ ተሳፋሪያችን ናት” አላት። “ድሮ ግን ከፊት ነበር የምትቀመጠው።”

ሰው ሳቀ። ልጄ ከኋላ ማልቀስ ጀመረች… ጡቴ ወተት አጋተ። ልቤ ዞረ፣ አንገቴ አልዞረም። እማዬ አለች፣ አባቷ አለ። በሩን ዘጋሁ። መስታወቱን አየሁ። ቁልቁለቱ ከፊቴ ነው፣ እግሬ ፍሬኑ ላይ።

ቀስ ብዬ ወረድኩት።